ልማት የምትሉት የትኛውን ነው?

ኧረ ወገን፣ አንዴ ልተንፍስ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «የሶፍትዌር አልሚ» ይለኛል። ዘመድ ሲያነበው መሬት የወሰድኩ ባለሀብት እመስለዋለሁ። አክስቴማ «አልሚ ምግብ ነው የምታመርተው?» ብላኛለች። አልፈርድባትም፣ ቃሉ እኮ አንድ ነው።

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የሕፃናት ክትትል መተግበሪያ እየሠራን ነው። ባለፈው ስብሰባ ተቀመጥን፦ ከዕቅድ ክፍል የመጣ ሰውዬ፣ አንዲት የጤና ባለሙያና እኔ። «ልማቱ የት ደረሰ?» በሚል ጥያቄ ሁለት ሰዓት ተነታረክን። ሰውዬው ማወቅ የፈለገው ስንት ሕፃን እንደተመዘገበ ነው፤ ሪፖርት አለበት። እኔ የምመልሰው ስለ ኮዱ ነው። እኛ ጋ «ዲቨሎፕመንት ላይ ነው» ማለት «አላለቀም፣ እንዳትነኩት» ማለት ነው። እሱ ጋ ደግሞ «ልማት ላይ ነው» ከተባለ ሪባን ሊቆረጥ ነው። ፊቱ በርቶ ጻፈው! ተው ብዬ ብለምነውም አልሰማኝም።

የፖሊሲ ሰዎች ራሳቸው መች ተስማሙና። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1949 ስላላደጉ አገሮች ሲናገር ነገሩ ሳይንስና ኢንዱስትሪ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዓመት መለኪያው የአገር ገቢ ሆነ። የሚገርመው፣ የአገር ገቢን ስሌት መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ ገና በ1934 «በዚህ ቁጥር የሕዝብ ደኅንነት አይለካም» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ማን ይስማ! እ.ኤ.አ. በ1990 ነው እነ ማህቡብ ኡል ሃቅ የተባሉት ፓኪስታናዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ ዕድሜንና ትምህርትን ከገቢው ጎን አስቀምጠው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ያወጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ተብሎ 17 ግብና 169 ዒላማ መጣ። 169 ዒላማ ካለህ መቼም አንዱን አትስትም።

መድኃኒት «እየለማ ነው» ሲባል ሰምቶ በማግሥቱ ፋርማሲ የሚሄደውን ሰውማ ተዉት።

ጤናው ጋ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ባለሙያዋ ተራዋ ሲደርስ አንድ ነገር አለች። ክብደትና ቁመት መጨመር አንድ ነገር ነው። መቀመጥ፣ መቆም፣ መናገር፣ ሰው ሲስቅለት መልሶ መሳቅ ሌላ ነው። እኛ ሁለቱንም «እድገት» ብለን እናልፋለን። (ሐኪም ቤት ውስጥ እብጠት «አድጓል» ሲባልም ያው ቃል ነው፤ እልል የሚል የለም።)

ይህን ስትል እህቴ ትዝ አለችኝ። ልጇ 16 ወር ሲሞላው ይዛው ሄደች። ዳዴ ይላል፣ ግን ይዘው ቢያቆሙትም አይቆምም። ሚዛን ላይ አስቀመጡት። ነጥቡ የክብደቱ መስመር ላይ ጥሩ ቦታ አረፈ። ካርዱ ላይ «እድገቱ ጥሩ ነው» ተብሎ ተጻፈ። እሷም ደስ ብሏት ካርዱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እኔም «ጎሽ!» ብዬ መለስኩላት። የጻፉት ውሸት አይደለም እኮ! ልጁ በክብደት አድጓል። እሷ የጠየቀችው ግን ለምን አይቆምም ብላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንደሚለው፣ ጤነኛ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ብቻቸውን ይራመዳሉ። እኛ ካርዱን አምነን ተኛን። በ20 ወሩ ሌላ ቦታ ስትወስደው የመጀመሪያው ጥያቄ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» የሚል ሆነ። አሁን ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው። ትናንት የሶፋውን ጠርዝ ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛው ላይ በቂጡ ዘጭ ብሎ ሳቀ።

ከስብሰባው ስወጣ የራሴን ቅጽ ከፍቼ አየሁት። አንድ ሳጥን። «እድገት፦ ጥሩ / መካከለኛ / ዝቅተኛ»። የሠራሁት እኔ ነኝ! ያንኑ ማታ ለሁለት ይከፈል ብዬ ጻፍኩ፦ አንዱ «ክብደትና ቁመት»፣ ሌላው «ምን ምን ማድረግ ይችላል?»። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «ሐሳቡ በቀጣዩ የልማት ምዕራፍ ይታያል።»

የትኛው ልማት ብዬ መልሼ ጠየቅሁ። እስካሁን ዝም ናቸው።