ጎንደርን የምትመርጡ ተማሪዎች ግቢውንም ጠይቁ

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ልጃቸው ምን እንደሚማር ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጊዜው ገና ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል የሚደርሰውም በፍላጎቱና ባመጣው ውጤት ነው። ከገባበት ቀን ጀምሮ ሕይወቱን የሚወስነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የት እንደሚያድር፣ ከነማን ጋር እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ። ስለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲወራ ይህ የአዳሪነት ነገር እምብዛም አይነሳም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዩኒቨርሲቲው በአንድ አጥር ውስጥ የተከተተ አለመሆኑ ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሕግና ቢዝነስ በማራኪ፣ ቴክኖሎጂ በአፄ ፋሲል፣ የተፈጥሮ ሳይንስና የእንስሳት ሕክምና በአፄ ቴዎድሮስ ግቢ ይሰጣሉ፤ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ከሆስፒታሉ ጋር የራሱ ግቢ አለው፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ ወዲያ ደግሞ የጠዳው ግቢ አለ። በአንድ የምዝገባ ሰሞን ከሆሳዕና ድረስ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አባት ማራኪ በር ላይ ሻንጣ አስደግፈው ቆመው አግኝቻቸዋለሁ። በጥሪ ማስታወቂያው ላይ የተመደበበት ግቢ ቴዎድሮስ መሆኑ ተጽፏል፤ እርሳቸው ግን «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን አንብበው ባጃጁን ወደ መጀመሪያው በር አስነድተዋል። «ታዲያ ስንት ነው ዩኒቨርሲቲው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማስቀድመው የእርሳቸውን ጥያቄ ነው።

ተቋሙ ከአገሪቱ ቀደምት የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲሆን በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተመሠረተ። ከጎንደር አቅራቢያ ባለው በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ የተነሳው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነርሱም በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። በደርግ ዘመን ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጨመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬውን ስም ያዘ። በእኔ እይታ ከስሙ ለውጥ የሚበልጠው ያ የቡድን ሥልጠና እስከ ዛሬ መዝለቁ ነው። የሕክምና፣ የነርሲንግና የሌሎች የጤና ሙያዎች ተማሪዎች በአንድነት ወደ ወረዳ ወጥተው ከኅብረተሰቡ ጋር ይሠራሉ። የሐኪም ጋውን ብቻ አይቶ ለሚመርጥ ተማሪ ይህ ክፍል አድካሚ ሊሆንበት ይችላል፤ ሙያውን ከልቡ ለሚፈልግ ግን ከሌላ ቦታ ይልቅ ጎንደርን እመክረዋለሁ።

ወደ ዶርሙ ስንመለስ፣ የጥሪ ማስታወቂያው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። እኔ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ፤ ጋቢና ጀሪካን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቀን ፀሐይ ቢያቃጥልም ማታ ይበርዳል፤ ከቆላ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል አይደሉም። የውኃው ጉዳይ ደግሞ የከተማው ሁሉ ነው። ለከተማዋ ውኃ የሚያቀርበው አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ነዋሪው እየበዛ በመምጣቱ ቧንቧ በፈረቃ መጠበቅ የጎንደር ሰው የለመደው ነው፤ ተማሪውም ሲመጣ ቀድቶ ማስቀመጥን ይማራል። በተደራራቢ አልጋ ላይ ከሌላ ክልል ከመጣ ልጅ ጋር መኖር፣ ካፌ ተመጋቢ (በግቢው ምግብ ቤት የሚበላ) ወይም ኖን ካፌ (በራሱ የሚመገብ) መሆን፣ ፈተና ሲቃረብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ ለመያዝ መሽቀዳደም፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም ግቢ የሚያጋጥሙ ናቸው። ጥር 11 ቀን ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ ማየት ግን ጎንደር የተመደበ ተማሪ ዕድል ነው።

ብዙ ቤተሰብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ይመስለዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ደንግጓል። ተማሪው በምዝገባ ሰሞን የሚፈርመው ውል ስለዚህ ነው፤ ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ቢሆንም አንብቦ መፈረም ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመመረቅ በፊት መታለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና ስላለ፣ ኮርስ ጨርሶ ጋውን መልበስ ብቻውን ዲግሪ አያስገኝም።

አሁን ባለው ሁኔታ ሳይነሳ የማይታለፈው የጉዞው ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጎንደር በምትገኝበት በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ በክልሉ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ የሚጠሩበትን ጊዜ ያዘገዩበት ወቅት ነበር። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የጥሪውን ቀን ከዩኒቨርሲቲው ማረጋገጥ፣ አቅም ካለ በአውሮፕላን አዘዞ መውረድ፣ ከሌለ ደግሞ በዚያው ሳምንት በመንገዱ ያለፈ ሲኒየር (ነባር ተማሪ) ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሆሳዕናው አባት ልጃቸውን ቴዎድሮስ ግቢ አድርሰው ሲመለሱ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር፤ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ መነሣት እንደሚሻልና የመንገዱን ሁኔታ የሚነግራቸው ሹፌር ከየት እንደሚገኝ።