ብልቃጡን አስቀምጡና ስሙኝ

የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ በየብሎኩ «ለጭንቀት፣ ለድባቴ» እየተባለ የሚዞረው የእንጉዳይ ዱቄት ነገር አላማረኝም። ብልቃጡ ላይ የአንጎል ሥዕል ተለጥፏል። ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደታሸገ፣ ስንት ግራም እንደሚወሰድ ግን አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ሻጩን ስትጠይቁት «ጃፓኖች አጥንተውታል» ይላችኋል።

ማጥናቱንስ አጥንተዋል። ዱቄቱ የተሠራበት ነው የሚባለው «የአንበሳ ጋማ» እንጉዳይ ውስጥ ሄሪሴኖንና ኤሪናሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ የነርቭ ሴልን የሚያሳድገውን ፕሮቲን ሲጨምሩ ታይተዋል። በፈረንጆቹ 2010 የወጣው ጥናት 30 ሴቶችን ይዞ፣ ገሚሱን ዱቄቱ ያለበት ገሚሱን የሌለበት ብስኩት ለ4 ሳምንት አበላ፤ ዱቄቱን የበሉት ጭንቀቱ ቀለል አላቸው። ጥሩ ጅምር ነው። ግን 30 ሰው እኮ የእድር ድንኳን እንኳ አይሞላም! በዚህ ተማምናችሁ ነው ሐኪም ያዘዘውን የድባቴ መድኃኒት፣ ፍሉኦክሰቲኑን፣ ፍሪጅ ላይ ጥላችሁ ዱቄት በሻይ የምትበጠብጡት?

አንዳንዱ ደግሞ የምታሰክረዋን እንጉዳይ ያነሳል። ውስጧ ያለው ሲሎሳይቢን የሚባለው ነገር አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ ስሜትን ከሚነኩት አንዱ የሆነውን ኬሚካል የሚቀበሉትን ቦታዎች ይነካል፣ በ2022 የታተመ የ233 ታማሚዎች ሙከራ ላይም 25 ሚሊግራም አንዴ መውሰድ ድባቴን ቀንሷል። ታማሚዎቹ ግን ተመርምረው፣ የሠለጠነ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ነው የወሰዱት። አውስትራሊያም ከ2023 ጀምሮ የፈቀደችው ፈቃድ ላላቸው የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ነው። ለቴሌግራም ነጋዴ አልፈቀደችም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ዱቄቱ ብቻ አይደለም። ሰው ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ከአልጋው መነሳት አቅቶት «ጨጓራዬን ነው» ይላል፤ ምክንያቱም እኛ ነን «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ስድብ ያደረግነው። ልጁ ኪኒን ሲጀምር ደግሞ «ሱስ ይሆንብሃል» ብለን እናስቆመዋለን። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳምንት ይፈልጋል፤ በድንገት ማቋረጡም ራሱ ሊያሳምም ይችላል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ።

አሁን ክረምቱ ሲገባ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» እያላችሁ ባሕር ዛፍ ሥር የጅብ ጥላ ስትለቅሙ እንዳላይ። ገበሬ ያመረተውን ኦይስተር እንጉዳይ በሽንኩርት ጥብስ አድርጋችሁ ብሉ፣ ማን ከለከለ? የጫካውን ግን ተዉት። በጣም ገዳይ የሆኑት ዓይነቶች መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ትውከቱ ጋብ ይልና ሰውየው የዳነ ይመስላል፣ ጉበቱ ግን እየተበላ ነው። ስለዚህ የበላ ሰው ካለ፣ «ተሽሎኛል» ቢላችሁም እንኳ አትስሙት፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት።