ቀበቶ የሌለው ዘለበት

ሎተሪ ለእኛ ለአበሾች ክፉ ስም የለውም፤ ብዙዎቻችንን ወደ ኮሎራዶ ያመጣን እሱ ነውና። ስለዚህ በገና ሰሞን ድሬዳዋ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ «ሎተሪ ወጣልኝ» ስላት ያሰማችው እልልታ ያለ ስልክም እኔ እስከምኖርባት የኮሎራዶዋ አውሮራ ከተማ ድረስ የሚዘልቅ ነበር። እልልታው ሲበርድ ግን ዕጣው ያስገኘልኝ ነገር በሊድቪል ተራሮች ላይ 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በብስክሌት የመወዳደር መብት መሆኑን፣ ለዚህም መብት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የምከፍለው እኔው ራሴ መሆኔን አስረዳኋት። ጥቂት ዝም አለችና «ልጄ፣ መኪናህን ወሰዱብህ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

በእናቴ አልፈርድም። አውሮራ ውስጥ በብስክሌት የሚታይ አበሻ ወይ መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ነው፣ ወይ መኪናው ጋራዥ የገባበት ነው፤ ሦስተኛ ዓይነት የለም። ልምምድ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዳገት ላይ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ ሳለ አንድ የማላውቀው የአገሬ ሰው ታክሲውን አጠገቤ አቁሞ «በማርያም! ወገን እያለህ እንዲህ ትንገላታለህ?» አለና ብስክሌቴን የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገባው። ብለምነው፣ ብምልለት፣ ስፖርት ነው ብለው «ገብቶኛል፣ ችግር ያለ ነው» ከማለት በቀር አልሰማኝም። ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ ሂሳብም አልተቀበለኝ። የእጄ ሰዓት በዚያ ቀን በዕድሜዬ ነድቼው የማላውቀውን ፍጥነት መዝግቦልኛል።

የመሥሪያ ቤቴ ፈረንጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ሊድቪል ከባሕር ወለል በላይ 3,094 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት ስላቸው፣ ኢትዮጵያዊ ሆኜ ስለ ከፍታ ማውራቴ ራሱ አሳቃቸው። ኃይሌና ቀነኒሳ የአርሲ ልጆች መሆናቸውን፣ እኔ ግን ያደግኩት 1,200 ሜትር ላይ እንደሆነና ለድሬ ልጅ ከፍታ ማለት ግመል ላይ መውጣት መሆኑን የሚሰማኝ አጣሁ።

የውድድሩ አመጣጥ ራሱ የእኛን ሰው ብልሃት የሚያስታውስ ነው። ሊድቪል የማዕድን ከተማ ነበረች። በ1982 እ.ኤ.አ. ሞሊብዲነም የተባለው ብረት ማጠንከሪያ የሚወጣበት ክላይማክስ የሚባለው ማዕድን ሥራ ሲያቆም የከተማዋ ሰው እጁን አጣጥፎ ቀረ። በዚህ ጊዜ ኬን ክላውበር የተባለ ማዕድን ቆፋሪ በቀጣዩ ዓመት የ100 ማይል ሩጫ አዘጋጀ፤ ያን ያህል የሮጠ ሰው እዚያው ማደሩ አይቀርም፣ ያደረ ሰውም መብላቱና መክፈሉ አይቀርም። ብስክሌቱ በ1994 ተጨመረ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ማዕድን ገበያ ሲያጣ ዳገቱን ለሸጠ ሰው ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ከገዢዎቹ አንዱ እኔ መሆኔ ቢያመኝም።

በነሐሴ ማለዳ ውድድሩን በጠመንጃ ተኩስ ያስጀምሩታል። የመንገዱ አጋማሽ ኮለምባይን በሚባል የድሮ ማዕድን አጠገብ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደዚያ ስቃረብ ከፊቴ የነበረው ሰልፍ ሁሉ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መሪውን ይዞ እየገፋ ድንጋያማውን አቀበት ሲወጣ አየሁና ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ስለታቸው ሰምሮ ድንጋይ ተሸክመው ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጡት ምዕመናን ልክ እንዲህ ነበሩ። ልዩነቱ፣ እነሱ የሚወጡበትን ምክንያት ያውቃሉ፤ ድንጋዩንም በነጻ ነው ያገኙት።

ከኮለምባይን በፊትም በኋላም በሚታለፈው ትዊን ሌክስ ጣቢያ ሁለት ጓደኞቼ ይጠብቁኝ ነበር። ያስያዝኳቸው ፈረንጅ ፈሳሽ ምግብ የት እንደገባ አላውቅም፤ ከማቀዝቀዣ ሣጥኑ የወጣው አክስቴ ያሸችው፣ ቅቤው ከዳር የሚያብረቀርቅ ጭኮ ነው። እጄ በጭቃ ተለብጧል ብል «ማን ብላ አለህ?» ተባልኩና ኮርቻዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ የሄልሜቴ ማሰሪያ አገጬ ላይ እንደተወጠረ፣ ጉርሻ መጣ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛው የመጣው ሌላኛው ጓደኛዬ እንዳይቀየም ነው። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፤ አጠገባችን የቆመችው ፈቃደኛ ሠራተኛ ሐኪም ትጥራ አትጥራ ግራ ገብቷታል። ከ130 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የሚመጣውን ፓወርላይን የሚባለውን ዳገት ስገፋ ግን ሌሎች ጉልበታቸው ሲከዳቸው እኔን ከስር የሚያግዘኝ ቅቤው መሰለኝ።

በ11 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ጨረስኩ። ከ12 ሰዓት በታች የገባ ሁሉ የብር ዘለበት ይሸለማል፤ ከ9 ሰዓት በታች ለገባ ዘለበቱ ከፍ ይላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ዘለበቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አክስቴ ገለባበጠችውና ቀበቶው ወዴት እንዳለ ጠየቀች። ቀበቶ እንደማይሰጡ ስነግራት፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሐዘን ቤት የተቀመጠ ይመስል ጸጥ አለ። እናቴ በስልኩ ምስል ሁሉንም ስትከታተል ቆይታ «ስንተኛ ወጣህ?» አለችኝ። ተወዳዳሪው ከሺህ በላይ ስለነበር ቁጥሩን መጥራት አልፈለግኩም።

«ከኋላህ ሰው ነበር?»

«ብዙ ባይሆንም ነበር፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ቀበቶውን ሰው ሲመጣ እኔ እልክልሃለሁ።»