ሳንሰማ የሰጠነው ፍርድ

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳችሁ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አዝኜ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ አንዲት እህታችን በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መብት ላይ ከተካሄደው የሳን ፍራንሲስኮ ችሎት ቃለ ጉባኤ የተሠራውን የፍርድ ቤት ድራማ ከፈተችልን። ገና የመጀመሪያው ምስክር ቃሉን ሳይጨርስ አንድ ታላቅ ወንድማችን ሪሞቱን አነሣና «ይህ በልጆቻችን ፊት አይታይም» ብሎ አጠፋው። የተቃወመ አልነበረም፤ እኔም ዝም አልኩ። እህታችን ያለ አንድ ቃል ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ አይተን እንዳላየን ሆነን ወሬያችንን ቀጠልን።

ወገኖቼ፣ እኛ እኮ ሙግት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አያቶቻችን ባለጋራና ባለጋራ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ የሚጓዙ፣ «በላ ልበልሃ» ተባብለው በተጠየቅ የሚሟገቱ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ከሚሮጡበት የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች የሚለውን አባባል ለልጆቻችን የምንነግረው እኛው ነን። ታዲያ ሁለቱም ወገን እኩል ተሰምቶ የተፈረደበትን ጉዳይ፣ ምስክሩን አፉን አስይዘን ሳሎናችን ተቀምጠን ዳግም የምንፈርድበት ከማን በወረስነው ወግ ነው?

የጉዳዩን አመጣጥ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሩቁ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የጋብቻን በር ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ ፕሮፖዚሽን 8 የተባለው የሕዝብ ውሳኔ 52 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ በሩን መልሶ ዘጋው። በመካከሉ 18,000 ያህል ጥንዶች ተጋብተው ነበር። ለፕሮፖዚሽን 8 የተደረገው የዚያን ጊዜው የድጋፍ ቅስቀሳ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ምን ሊማሩ እንደሆነ እወቁ እያለ ወላጆችን የሚያስፈራራ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከእኛም ስንቱ በዚያ ፍርሃት ድምፁን እንደሰጠ እናውቃለን። ማስታወቂያ ግን ቃለ መሐላ አይፈጽምም፣ መስቀለኛ ጥያቄም አይቀርብበትም።

ፕሮፖዚሽን 8 እንዲሻር የቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በዳኛ ቮን ዎከር ችሎት ሲታይ ግን ያንን ሁሉ ስጋት በማስረጃ ማቆም ግድ ሆነ። ከሳሾቹ 17 ምስክሮች አሰሙ፤ ፕሮፖዚሽን 8ን ለመከላከል የቆመው ወገን ያሰማው 2 ብቻ ነበር። ችሎቱ ከመጀመሩ ወራት አስቀድሞ ዳኛው የዚህን ወገን ጠበቃ ቻርልስ ኩፐርን፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ቢፈቀድ የወንድና የሴት ጋብቻ የሚጎዳው በምን በምን ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጠበቃው «አላውቅም» ሲሉ መለሱ። እኔ በዚህ መልስ አልሳለቅም፤ በዳኛ ፊት የማያውቁትን አላውቅም ማለት ክብር ነው። የሚያሳፍረው፣ ጉዳዩን አጥንተው የመጡት ጠበቃ አላውቅም ያሉትን እኛ እናውቃለን እያልን ለልጆቻችን መናገራችን ነው። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ዴቪድ ብላንከንሆርንም በከሳሾቹ ጠበቃ በዴቪድ ቦይስ መስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተኑ፣ ይህ ጋብቻ በተፈቀደ ቀን አሜሪካ ከዋዜማው ይልቅ የበለጠ አሜሪካዊት ትሆናለች የሚል ሐሳብ ቀደም ብለው መጻፋቸውን በችሎት አመኑ፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ደግሞ አቋማቸውን መለወጣቸውን በይፋ ጻፉ። ሰው ሲጠየቅ፣ ሲሰማና ሲያሰላስል እንዲህ ይሆናል፤ ሪሞት ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ባለበት ይቀራል።

ከከሳሾቹ መካከል ክሪስቲን ፔሪና ሳንድራ ስቲር አራት ወንዶች ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ፈቃድ ስትሰጥ ተጋብተው ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ፍርድ ቤት የነዚያን ጋብቻዎች ሁሉ እንዳልነበሩ ቆጠራቸው። እስቲ እናንተ የጋብቻ ወረቀታችሁን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ያዙትና፣ ከመንግሥት በመጣ ደብዳቤ ይህ ከመጀመሪያውም ጋብቻ አልነበረም ብትባሉ ምን እንደሚሰማችሁ ለአፍታ አስቡት። ሁለቱ ሴቶች ይህን ሁሉ በአደባባይ፣ በባላንጣ ጠበቃ ፊት ለመናገር ቆመዋል። ዳኛው በኦገስት 2010 ፈረዱላቸው፤ በይግባኝ ሰበብ ጋብቻቸው እስኪፈጸም ግን ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

ችሎቱ በቪዲዮ እንዳይሰራጭ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ስላገደ፣ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት የተባለውን መስማት የቻለው ቃለ ጉባኤው ድራማ ሆኖ ሲቀርብለት ነው። ያ የተዘጋ በር በስንት ድካም ተከፍቶ ቤታችን ድረስ ቢመጣ እኛ በአንድ ጣት ዘጋነው።

ዜግነት ስንቀበል ቀኝ እጃችንን አንሥተን ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ ምለናል። ከማልንበት ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ማንም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ አይከለከልም ይላል። ልብ በሉ፣ ማንም ሰው ነው የሚለው። በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ስደተኞች የልብስ ማጠቢያ ቤት ፈቃድ እየተነፈጉ ሲታሰሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዜጋ ያልሆነውም ሰው በዚህ አንቀጽ እንደሚጠበቅ የፈረደላቸው በዚህ ቃል ነው። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1948፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1967 የሻሩት ይህንኑ አንቀጽ ይዘው ነው። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ነጭ ምራት ወይም ነጭ አማች በደስታ የምትቀበሉት በእርሱ ጥላ ሥር ነው። ዳኛ ዎከር የጠቀሱትም እርሱን ነው። ለራሳችን የተጠለልንበትን ጣሪያ ከሌላው ራስ ላይ ለማንሣት ድምፅ መስጠት ከባድ በደል ነው፤ ይህን ስል ማስቀየሜን አውቃለሁ፣ ሆኖም እላለሁ።

ሃይማኖታችንስ የምትሉኝ አላችሁ። እኔም የተጋባሁት በተክሊል ነው፣ ቤተ ክርስቲያኔም ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አውቃለሁ፤ ተዉት አላልኳችሁም። አንድ ካህን ያለ እምነቱ እንዲያጋባ የሚያስገድድ ፍርድ በዚያም ችሎት፣ በመላ አገሪቱ ይህንን ጋብቻ ባጸናው የ2015 ውሳኔም አልወጣም። ክርክሩ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ለማን ፈቃድ ይስጥ በሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ካሊፎርኒያ የፕሮፖዚሽን 8ን ቃል ከሕገ መንግሥቷ በሕዝብ ድምፅ ስታወጣ፣ ወረቀቱ በእጃችሁ እያለ ክርክሩን ሳታነቡ በሰው ምክር የሞላችሁት ስንት ናችሁ?

በዚያ ሳሎን ውስጥ ይህ ጉዳይ የራሱ ወይም የልጁ የሆነ ሰው ተቀምጦ ነበር እንደሆነስ ማን ጠየቀ? ሪሞቱ ሲነሣ ያ ሰው ከእኛ ምን ሰማ? እህታችን ለምን ያንን ድራማ እንደመረጠች አንድም ሰው አልጠየቃትም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ተራው የእኔ ነው። ድራማው ከተቋረጠበት ይቀጥላል፤ ምስክሮቹ ተሰምተው እስኪያልቁ ሪሞቱን የሚነካ አይኖርም። ታላቅ ወንድማችንን ራሴ ሄጄ እጠራዋለሁ፣ ተቃውሞውንም ከሰማ በኋላ የፈለገውን ያህል ይናገር። እህታችንን ግን ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።