መድረክ ላይ እኩልነት፣ ቤት ውስጥ ሌላ

በስቶክሆልም የሐበሾች ስብሰባ ላይ የሴቶችን እኩልነት የሚቃወም ወንድ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ሳህን የሚያነሳ ወንድ ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። በቅርቡ በአንድ የማኅበር በዓል ላይ አንድ የተከበሩ ተናጋሪ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 እየጠቀሱ፣ ሴት በትዳርም በሥራም ከወንድ እኩል መሆኗን ረዘም ላለ ጊዜ ካስረዱን በኋላ ከመድረክ ወርደው ተቀመጡና፣ ከጠዋት ጀምረው ወጥ ሲሠሩ ወደዋሉት ባለቤታቸው ባዶ ብርጭቆ ከፍ አድርገው አሳዩ። ወይዘሮዋም ውሃ ይዘው መጡ። ማንም አልሳቀም፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 የእናቶችን የወሊድ ፈቃድ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ አድርጋ ለውጣለች። ዛሬ ለአንድ ልጅ ከሚሰጠው 480 ቀን ውስጥ 90ው ለእያንዳንዱ ወላጅ የተያዘ ሲሆን፣ አባት የራሱን 90 ቀን ካልተጠቀመበት ለእናቲቱ ሊሰጣት አይችልም። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሕፃን ጋሪ እየገፉ ቡና የሚጠጡት አባቶች ታዲያ ስለ እኩልነት ሲሰብኩ ሰምቼ አላውቅም። መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ከፈቃዱ ትልቁን ድርሻ ዛሬም የሚወስዱት እናቶች ናቸው።

አገር ቤት ያለው አባት ቢያንስ ሰበብ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን ሲሰጥ ለእርሱ የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። እዚህ ያለው ወገኔ ግን ፈቃዱን ከነክፍያው ይወስድና አማቱን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ገንፎውን የሚያገነፉት፣ ሕፃኑን የሚያጥቡት፣ ሌሊት የሚነሡት እሳቸው ናቸው፤ እርሱ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ስለ ዴሞክራሲ በስልክ ይከራከራል።

ጠጋ ብለው ሲጠይቁት «ባህላችን ነው» ይላል። ይህችን መልስ ፈጽሞ መታገሥ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይኸው ሰው በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሮ የማያውቃቸውን ሽማግሌዎች ሲያጥብ፣ ዳይፐር ሲቀይርና ሳህን ሲያጥብ ይውላል፤ ለስዊድናዊት አለቃውም ባህሌ አይፈቅድልኝም ብሏት አያውቅም።