ዝናብ ሲገባ የሚዘጋው በጀት

ኖቬምበር 25 ቀን 2024። ሄግ ከተማ ማሊፌልድ የሚባለው ሜዳ በሰው ተጨናንቋል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ተመራማሪው ወጥቷል። የሆላንድ መንግሥት ከከፍተኛ ትምህርትና ከምርምር በጀት ላይ ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ ሊቀንስ አስቦ ነው። እኔም ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ሄጄ ቆምኩ። ሰው ለዳቦ ሲጮህ አይቻለሁ። ለደመወዝ ሲጮህም አይቻለሁ። ለምርምር ገንዘብ ሲጮህ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው የአያ ፌስታል ነው።

አያ ታላቅ ወንድሜ ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል ወረዳ፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ያርሳል። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አገር ቤት ገብቼ ማሳው ላይ ወሰደኝ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ከስንዝር ብዙም አላለፈም። ማዳበሪያ አልጎደለበትም፤ ተበድሮ ገዝቷል። «አፈሩ ኮምጥጧል ወንድምዓለም» አለኝ። «ማዳበሪያውንም በላው።»

ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። አፈር አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። በማዳበሪያ የገባውን ፎስፈረስም አፈሩ ቆልፎ ይይዘዋል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ የጎጃም ደጋ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ስንቱ ሰው ገብስና ባቄላውን ትቶ እንግዶ ወደሚባለው አጃ መሰል እህል የዞረው አፈሩ አልሰጥ ቢለው ነው። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ፣ እርሻው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዛፍ ለብሶ ከሰል ይከሰልበታል። ገበሬው መላ አልጠፋበትም። ግን የእህል አገር ከሰል ሲጭን ማየት ያማል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ያውም ሩቅ አይደለም፤ ደጀን ወረድ ሲሉ የአባይ በረሃ ገደል የኖራ ድንጋይ ነው። የሚቸግረው ለየትኛው ማሳ፣ ስንት ኩንታል፣ በየስንት ዓመቱ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ አፈሩን መለካት፣ ከዚያም ሦስት አራት ዓመት መከታተል ያስፈልጋል።

አያ የሚችለውን አድርጎ ነበር። እንደነገሩት ከማሳው አምስት ቦታ ቆፍሮ፣ ደባልቆ፣ በፌስታል ቋጥሮ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስረከበ። ስሙን ጻፉ። መልስ የለም። አብሬው ሄድኩ። ያነጋገረን ወጣት ባለሙያ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊታችን ላይ ማየት ከበደው። የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል። ግዥ ተጠይቋል። ያለፈው በጀት ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ፌስታሉን መደርደሪያ ላይ አየሁት። የአያ ስም ተለጥፎበታል።

«እሺ ኬሚካሉን እኔ ልግዛው» አልኩ። በስጦታ ለመቀበል ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። አንዱ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ወለደ። ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ። ይኼ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እስቲ አስቡት። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጎጃም ውስጥ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ሰው በሬ ጠምዶ ቀና የማይልበት ወቅት ነው። ተመራማሪው ማሳ ላይ መገኘት ያለበት ያኔ ነው። ነዳጅ፣ አበል፣ ኬሚካል የሚፈልገውም ያኔ ነው። ሂሳብ ቤቱ የሚዘጋውም ያኔ ነው። ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ግዥው ተፈጽሞ ዕቃው ሲደርስ መስከረም ይጠባል። ሙከራው ለከርሞ ያድራል። ከርሞም ያው ነው።

እዚህ ሆላንድ የምሠራው ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባለበት አካባቢ፣ ድንች እርሻ ላይ ነው። የአሠሪዬ መሬት አሸዋማ ነው፤ እሱም ይኮመጥጣል። ሰውዬው ግን የምርመራውን ወረቀት በእጁ ሳይዝ አንድ ኩንታል ኖራ አያዝም። እዚህ አንድ የዶክትሬት ተመራማሪ ሲቀጠር አብዛኛውን ጊዜ የ4 ዓመት ደመወዙ ታስቦለት ነው። ዘንድሮ የዘራውን ከርሞ ያየዋል። አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ ከ2 በመቶ በላይ ለምርምር ታውላለች፤ ያን ሁሉ ሰው አደባባይ ያወጣው ከዚህ ላይ ሊቀነስ ነው መባሉ ነው።

እኛ ዘንድም ወረቀቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአፍሪካ መሪዎች እዚያው አዲስ አበባ ተሰብስበው ከጠቅላላ ምርታችን 1 በመቶ ለምርምር እንመድብ ተባብለዋል። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲያችን ደግሞ ቢያንስ 1.5 በመቶ ይላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2017 የመዘገበው የምርምር ወጪያችን ግን 0.27 በመቶ ነው። ቁጥሩ ያናድዳል። እኔን ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን ያችኑ ጥቂት ገንዘብ ዝናቡ ካለፈ በኋላ መልቀቃችን ነው። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ሰው አለን፣ ያን ልጅ አይቼዋለሁ። የምርምር በጀት ለሦስት ለአራት ዓመት ተቆርጦ ይሰጥ። ሰኔ ላይ ሂሳብ ተዘጋ ተብሎ የሙከራ ማሳ አይዘጋ። ይህ ተጨማሪ አንድ ብር አይጠይቅም፤ አሠራሩን መቀየር ነው።

ያን ቀን ማታ ለአያ ደወልኩ። ኔትወርኩ አስቸግሮ በአራተኛው ገባ። ስለ ሰልፉ ነገርኩት። «ለምርምር ብለው ወጡ?» አለና ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ያን የላይኛውን ማሳ ባሕር ዛፍ ተከልኩበት» አለኝ።

የአባታችን የገብስ ማሳ ነው።