ክርክር፦ ሂሳብ የሚያዝበት ጽድቅ

መነሻው ቀላል ነው። እስራኤል ውስጥ ያለ አንድ የቤተ እስራኤላውያን ቤት ክኔሴት (የአይሁድ ጸሎት ቤት) የቤተሰብ ወርሃዊ መዋጮውን ወደ ሃምሳ ሼቄል ከፍ አደረገ። ጥያቄው «ከማኅበሩ ከሚያገኙት በላይ መስጠት ግዴታ ነው ወይ?» የሚል ነው። አዎ ባዩ የቤት ክኔሴቱን ገንዘብ ለዓመታት የያዙ አባት ናቸው። አይደለም ባይዋ ናታንያ የምትኖር ነርስና የሦስት ልጆች እናት ናት።

አባት፦ ሰው ቤት ክኔሴት የሚመጣው ሊወስድ አይደለም። አሥር ሰው ካልሞላ ቃዲሽ፣ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎት፣ አይባልም። አሥረኛው ሰው ለራሱ የሚፈልገው ነገር ላይኖር ይችላል። አባቱ ለሞተበት ጎረቤቱ ሲል ግን ከእንቅልፉ ተነስቶ ይመጣል። የሊቃውንቱ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ ከጽዳካ፣ ከምጽዋት፣ የሚኖር ድሃ እንኳ ጽዳካ ይስጥ ይላል። የዛሬ ወጣት «ምን አገኛለሁ?» ይላል፤ ሱፐርማርኬት መሰለው። ሂሳብ የሚያዝበት ጽድቅ የለም።

እሷ፦ «ሂሳብ የሚያዝበት ጽድቅ የለም»! ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት? ኦሪት እኮ በሂሳብ የተሞላች ናት። አሥራት ከአሥር አንድ ነው። ዘጸአት ላይ ግማሽ ሰቅሉን ሀብታም አይጨምር፣ ድሃም አያጉድል ተብሏል። በጥንት ዘመን ኡሻ ከተማ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ደግሞ ሰጪ ከገንዘቡ ከአምስት አንድ በላይ እንዳይበትን ከልክለዋል። ኋላ እሱ ራሱ የሰው እጅ እንዳያይ ነው።

እኔ በየወሩ ጎንደር ተቀምጠው ወደ እስራኤል የመምጫ ተራቸውን ለሚጠብቁ የእናቴ ዘመዶች እልካለሁ። ጽዳካዬ እሱ ነው፤ እናንተ መዝገብ ላይ ግን የለም። ደግሞስ ሂሳብ ከሌለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እብነ በረድ ምንድነው? ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባም ከስምንቱ የጽዳካ ደረጃዎች ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበትን ሁለተኛ አድርጎታል። እኛ ጋ የሰጪው ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ያውም የወንድ ስም ብቻ።

አባት፦ ግድግዳውን ተዪው። የአባቶች ምክር መጽሐፍ ፒርኬ አቮት «የኔ የኔ ነው፣ ያንተም ያንተ ነው» ስለሚል ሰው ያነሳል። መካከለኛ ጠባይ ነው ይላል፤ አንዳንዶች ግን የሰዶም ጠባይ ነው ብለውታል። አንቺ ከአምስት አንድ ብለሽ ሕግ ትጠቅሻለሽ። ሃምሳ ሼቄል የደሞዝሽ አምስተኛ ነው እንዴ? በሱዳን በኩል በእግራችን ስንመጣ ውሃ ያለው ለሌለው አካፈለ። ማን መዝገብ ያዘ?

እሷ፦ ሰዶም! እሺ፣ ከሰዶም ልጀምርልዎት። የሰዶም ሰው ደም ይለግሳል? በጃንዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች የሰጠነው ደም በድብቅ እንደሚጣል ጋዜጣ አወጣው። ክንዳቸውን ዘርግተው ከሰጡት መካከል ወታደሮቻችን ነበሩ። ደሙን ተቀብለው፣ አመስግነው ሸኟቸው። ከዚያ ጣሉት። በ2013 ደግሞ የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ፓርላማው (ክኔሴት) ውስጥ ደም ልስጥ ብላ አይሆንም ተባለች። ከተቀበልነው በላይ ሰጥተን አይተነዋል ጋሼ። ዝም ብለሽ ስጪ አይበሉኝ።

አባት፦ ደሙን የጣለው ቤት ክኔሴቱ ነው እንዴ? ነገር አታቀላቅዪ። ያኔ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ሲወጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። አስለቃሽ ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎታል። አንቺ ያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር? ስለዚያ ደም ለኔ አታስተምሪኝም።

እሷ፦ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ግን ልጠይቅዎት፣ እዚያ ምን ሊያደርጉ ሄዱ? «የሰጠነው የት ደረሰ?» ሊሉ አይደለም? ይሄ እኮ ሂሳብ መጠየቅ ነው! መንግሥትን ሲጠይቁ ጀግና፣ እኔ እርስዎን ስጠይቅ ሰዶም።

አባት፦ ሰዶም ያልኩት ጠባዩን ነው፤ አንቺን አይደለም። በልጅነትሽ ከረሜላ የሰጠሁሽን ሰው እንዲህ ማለትሽ ግን ገርሞኛል።

ስለ ሬሳ ልንገርሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬሳ አጥቤያለሁ። አገር ቤት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነበር፤ ከሰው ተለይቶ ነበር የሚቀመጠው። በዚያ ሥርዓት ላደገ ሰው እጁን ሬሳ ላይ ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የመጀመሪያዋን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሬሳ አያመሰግንም፣ ብድርም አይመልስም። «ሄሴድ ሼል ኤሜት»፣ የእውነት ቸርነት የሚባለው ለዚህ ነው። ይሄን በየትኛው መዝገብ ልጻፍልሽ?

እሷ፦ ለዚህስ እጅ እነሳለሁ። አባቴንም ያጠቡልኝ እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

ግን ያን ሰባት ቀን ለቅሶ ቤት የመጣውን ሰው ሁሉ ያበላው ማነው? የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው። ሌሊት እንጀራ ጋግረው፣ ጠዋት ሽንኩርት ከትፈው፣ ማታ ድስት አጥበው ሄዱ። የሰንበቱን ዳቦስ? የስግድ በዓሉን ምግብስ? መዋጮው «በቤተሰብ» ነው ትላላችሁ። ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣው ግን ባል ብቻ ነው። እኔ ሃምሳ ሼቄሉ አይደለም የከበደኝ።

አባት፦ እጅ ስለማውጣት ማን አነሳ? የምንከራከረው ስለ መዋጮ ነው። ይሄን መጀመሪያውኑ ብትዪው ኖሮ እኮ እኔም ሴት ልጆች አሉኝ። ለማንኛውም ሐሙስ ማታ ስብሰባ አለ። መዝገቡን ይዤ እመጣለሁ። ነይና ራስሽ አንብቢው። እብነ በረዱን ማን እንዳስለጠፈም እዚያው ጠይቂ፤ እኔ አይደለሁም።

እሷ፦ እመጣለሁ። ቡና ግን አላፈላም።